ወደ ኖርማንዲ ዳርቻዎች በመርከብ፦ ከቪዛ ቀጠሮ እስከ ባሕሩ ሰዓት

መጀመሪያ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ የሄድኩ ጊዜ አሮማንሽ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የደረስኩት ባሕሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው። ፎቶ ላይ የማውቀው፣ አሸዋው ላይ የተጋደመው የኮንክሪት ወደብ የለም። ውሃ ብቻ። ራቅ ብሎ ጥቂት ጥቋቁር ነገሮች እንደ ጉማሬ ጀርባ ብቅ ብቅ ይላሉ። ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ኋላ ሳነብ ግን ራሴን ታዘብኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይን ከጀርመን ለማስለቀቅ እዚህ ዳርቻ ላይ ጦር ያወረዱት ጄኔራሎች ቀኑን የቆረጡት ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አስልተው ነው። እኔ የቆረጥኩት የሆቴል ዋጋ አይቼ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ዳርቻዎቹን በባሕሩ ሰዓት እዩዋቸው። ወረቀቱም፣ መርከቡም፣ ማደሪያውም በዚያ ሰዓት እዚያ ለመገኘት ነው። የጻፍኩት በዋናነት እንግሊዝ አገር ለሚኖር ሰው ነው። ከሌላ አገር ለምትመጡም መንገዱ ላይ አንዳንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ።

ለማስታወስ ያህል

እንግሊዞች ‹ዲ ደይ› የሚሉት የዘመቻው ቀን ማክሰኞ ጁን 6 ቀን 1944፣ በኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን ከጣሊያን ነጻ ከወጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ፈረንሳይ ግን ገና በጀርመን እጅ ነበረች። በዚያ አንድ ቀን 156,000 ያህል የተባባሪ ኃይሎች ወታደሮች በባሕርና በአየር ኖርማንዲ ገቡ። መርከቡና ጀልባው ተደምሮ ወደ 7,000 ይጠጋል። የወረዱበት ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አምስት ዳርቻ አለው፦ ዩታና ኦማሃ የአሜሪካኖች፣ ጎልድ የእንግሊዞች፣ ጁኖ የካናዳዎች፣ ሶርድ ደግሞ እንደገና የእንግሊዞች። ስሞቹ የምስጢር ስሞች ናቸው፤ ዛሬ ግን የመንገድ ምልክት ላይ ሳይቀር ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ።

አንደኛ፦ ወረቀት

የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ሁለት ነገር ብቻ ይይ። ፓስፖርቱ ፈረንሳይ በሚገባበት ቀን ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ከፈረንሳይ ከሚወጣበት ቀን በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው ይሁን። ብዙ ሰው የሚሸወደው በመጀመሪያው ነው። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ አውሮፓ አሻራና ፎቶ መመዝገብ ጀምሯል። ከፖርትስማውዝ ስትነሱ የፈረንሳይ ፍተሻ ያለው ማዶ ስትደርሱ ስለሆነ፣ እዚያ ለሚኖረው ሰልፍ ጊዜ ተዉለት።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ እንግሊዝ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የቱንም ያህል ዓመት የሚያስኖር ቢሆን ፈረንሳይ አያስገባም። የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። እኔ ግን ሦስት ወር ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ እላለሁ። ብርዱ ሲያልፍና ሰው ሁሉ ለበጋው ዕረፍት ሲነሳ ቀጠሮ እንደ ሰማይ ይርቃል። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመርከብና የሆቴል ማስያዣም አለ። ሆቴሉን ስትይዙ በነጻ መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ። ገንዘቡ የማይመለስ ቦታ ይዞ ቪዛ ሲጠብቅ እንቅልፍ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ሩቅ ሰው አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ አሁን በካርድ ሳይሆን ኦንላይን ነው። ፓስፖርት ካሳደሳችሁ አዲሱን ቁጥር አካውንታችሁ ላይ አስገቡ። ያለዚያ ሲመለሱ ወደብ ላይ ማብራራት ይመጣል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል በፊት ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ።

ከአዲስ አበባ የምትመጡስ? እንግሊዝና ሼንገን ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች ናቸው። ዓላማችሁ ዳርቻዎቹን ማየት ብቻ ከሆነ ባሕር መሻገሩን እርሱት። ፓሪስ ድረስ በረራ፣ ከዚያ ከሴንት ላዛር ጣቢያ ወደ ካን ወይም ወደ ባዬ ባቡር። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ፈረንሳይ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፤ እንግሊዝ ለመግባት ግን ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ኦንላይን ቀድሞ የሚወሰድ ፈቃድ አለ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን በባሕሩ መቁረጥ

ደገኛ ስለሆንን ይሆናል፣ ባሕር በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ እንደሚሸሽ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ኖርማንዲ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ቅድም አሸዋ የነበረው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከሰው ቁመት በላይ ውሃ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል።

ጀርመኖች በጦር አዛዣቸው በሮሜል ትእዛዝ አሸዋውን በእንጨትና በብረት መሰናክል ሞልተውት ነበር። ብዙው ላይ ፈንጂ ታስሯል። ባሕሩ ሲሞላ መሰናክሉ አይታይም፤ ጀልባውን ሆዱን ይቀደዋል። ስለዚህ ወራሪው ጦር ባሕሩ ሸሽቶ ገና መሙላት ሲጀምር፣ ያውም ጎህ ሲቀድ መድረስ ነበረበት። ለአየር ወለዶቹ ደግሞ ጨረቃ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚገጥመው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ጁን 5 ተቆርጦ ነበር፤ አየሩ ስለከፋ በአንድ ቀን ተገፋ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከማስያዛችሁ በፊት የአሮማንሽን የባሕር ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። በፈረንሳይኛ የሸሸው ባሕር ‹ባስ ሜር›፣ የሞላው ‹ፕሌን ሜር› ይባላል። ባሕሩ ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ የሚሸሽባቸውን ሁለት ሦስት ቀናት ምረጡ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ርቆ ይሸሻል። የፈረንሳይ ሰዓት ከእንግሊዝ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አትርሱ። ቦታው ላይ ባሕሩ ጨርሶ ከመሸሹ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማችሁ ተገኙ። መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ሲሸሽ ረጋ ማለቱን አትዩ፤ ሲመለስ ፈጣን ነው።

ወሩን በተመለከተ ሜይና ሴፕቴምበር ደስ ይላሉ። የጁን 6 ሳምንት ሌላ ዓለም ነው፦ የድሮ ጂፕ፣ ባንዲራ፣ የተዘጋ መንገድ፣ ቀድሞ ያለቀ ሆቴል። በዓሉን ለማየት ከሆነ ከዓመት በፊት አስይዙ። ዝም ያለ ዳርቻ የምትፈልጉ ከሆነ በዚያ ሳምንት አትሂዱ። ጃንዋሪ ደግሞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው።

ሦስተኛ፦ መርከቡ

የእኔ ምርጫ ከፖርትስማውዝ ወደ ዊስትረሃም የሚሄደው ፌሪ ነው። ቲኬቱ ላይ ‹ካን› ተብሎ ይጻፋል፤ ወደቡ ግን ከካን ከተማ ወጣ ብሎ ጠረፉ ላይ ያለው ዊስትረሃም ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ሌሊት ትንሽ ይረዝማል። ሲሄዱ በሌሊቱ፣ ሲመለሱ በቀኑ። ሌሊት ካቢን ያዙ። ወንበር ላይ አድሮ በነጋታው ሦስት መካነ መቃብር መዞር ለማንም አልመክርም።

ሌላም መንገድ አለ። ሸርቡር ከፖርትስማውዝም ከፑልም ይኬዳል፤ ለዩታ ይቀርባል። ከኒውሄቨን ዲዬፕ አራት ሰዓት ነው። ከዶቨር ካሌ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከፎክስተን በመኪና ማጓጓዣው ባቡር 35 ደቂቃ። እነዚህ ሁለቱ አጭር ይመስላሉ። ግን ከካሌ ካን ድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት አለ፣ የመንገድ ክፍያም አለው። ቤንዚኑና ድካሙ ሲደመር ርካሹ ያን ያህል ርካሽ አይሆንም።

ሆዳችሁን ባሕር የሚያስቸግረው ከሆነ ኪኒኑን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡት። ካቅለሸለሸ በኋላ አይረዳም። ያኔ ወታደሮቹ ቂጡ ጠፍጣፋ በሆነ ጀልባ ሲናጡ ብዙዎቹ ገና አሸዋውን ሳይረግጡ አስታውከው ጨርሰዋል።

ፖርትስማውዝ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሳውዝሲ ላይ ያለውን የዲ ደይ ሙዚየም እዩ። ደጁ ላይ የቆመው ታንክ አጓጓዥ መርከብ ዕለቱን እውነት የሄደ ነው።

አራተኛ፦ መኪናና ማደሪያ

መኪና ካለ ይሻላል። ዳርቻዎቹ ተበታትነዋል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ጥቂት ነው። መኪና ከሌላችሁ ባዬ ላይ እደሩና ከዚያ በሚኒባስ የሚወስዱ አስጎብኚዎችን ያዙ። መኪና ይዛችሁ ስትሻገሩ የሚያንጸባርቀው ጃኬት ከእጃችሁ አይራቅ፤ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይሆን ወንበሩ አጠገብ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑም ግዴታ ነው። ኋላ ላይ የዩኬ ምልክት ይለጠፍ። የፍጥነት ገደቡ ገጠር መንገድ ላይ አብዛኛውን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውራ ጎዳና ላይ 130፣ ሲዘንብ 110። በቀኝ መንዳት ከባድ የሚሆነው መጀመሪያ ቀን አይደለም። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት፣ ባዶ መንገድ ላይ ወደ ግራ ጥልቅ ስትሉ ነው።

ማደሪያ ባዬ። ከተማዋ በማግስቱ ጁን 7 ነጻ ስትወጣ ጉዳት ብዙም አልደረሰባትም። የድሮ ቤቷም ካቴድራሏም አለ። ካን ግን በቦምብ ፈራርሳ እንደገና የተሠራች ናት። ከባዬ አሮማንሽ 10 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካኖቹ መካነ መቃብር ያለበት ኮልቪል ወደ 17፣ በዩታ በኩል ያለችው ሴንት ሜር ኤግሊዝ 60 ያህል ነው። በጥልፍዋ ለምትታወቀው ሙዚየም ብላችሁ ግን አትሂዱ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፣ ይከፈታል የተባለውም በ2027 ነው።

አምስተኛ፦ ስንቅ

ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ይህ ማለት ዶሮ ወጥ አይሻገርም። ቋንጣ አይሻገርም። ቅቤ የገባበት ወጥም አይሻገርም። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ችግር የለባቸውም።

የኖርማንዲ ምግብ ደግሞ ሁሉም ቅቤና ክሬም ነው። ለፍስክ ቀን ግሩም ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ግን ልብ በሉ፤ ጁን ብዙ ጊዜ ከሐዋርያት ጾም ጋር ይገናኛል። ‹ያለ ቅቤ› ስትሉ አስተናጋጁ የታመማችሁ ነው የሚመስለው። ማብሰያ ያለው ቤት ይዞ ሽሮ መሥራት ያዋጣል። ምግብ ቤቶቹም ምሳ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው የሚያቀርቡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራበው ሰው ዳቦ ቤት ይሂድ።

ስድስተኛ፦ ቀኖቹ

አምስቱንም በአንድ ቀን እንይ አትበሉ። መኪና ውስጥ ነው የምትውሉት። ሦስት ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን የምዕራቡ ነው፤ ኦማሃን ከሸሸው ባሕር ጋር አግጥሙት። መኪናችሁን ሴንት ሎራን አቁሙና ወደ ውሃው ሂዱ። ዝም ብላችሁ ሂዱ፣ እስከ ውሃው ጫፍ። 300 ሜትር ያህል ነው። አሸዋው ጠንካራ ነው፣ ትንንሽ ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ አለው፣ ጫማ ያርሳል። እዚያ ስትደርሱ ባሕሩን አትዩ። ዙሩ። ከፊታችሁ ሜዳው፣ ከሜዳው በላይ ሣር የለበሰው ተረተር። ጀርመኖቹ ያ ተረተር ላይ ነበሩ። ሰዎቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የወረዱት እናንተ ከቆማችሁበት አካባቢ ነው። የሚጠለሉበት አንድ ዛፍ የለም። ቀድሞ የመጣው አውሮፕላን በደመናው ምክንያት ቦምቡን ከምሽጉ አልፎ ማሳ ላይ ጥሎታል። በባሕር ላይ እንዲንሳፈፉ ከተለቀቁት የአንዱ ሻለቃ 29 ታንኮች 27ቱ ሰጥመዋል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ያቺን 300 ሜትር በእግሬ ስመለስ ነው፤ ምንም ሳልሸከም፣ ማንም ሳይተኩስብኝ፣ አራት ደቂቃ ያህል ወሰደብኝ።

ከዚያ ላዩ ላይ ኮልቪል ያለው የአሜሪካኖች መካነ መቃብር። መግቢያው ነጻ ነው። ከ9,300 በላይ ነጭ መስቀልና የዳዊት ኮከብ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል። የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀብረዋል። አንደኛው ዩታ ላይ በ56 ዓመቱ ከዘራ ይዞ የወረደው ጄኔራል ነው። የ6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጥቁር ሴቶች፣ ሦስቱ፣ እዚሁ ናቸው፤ በ1945 በመኪና አደጋ ያረፉ። የሠራተኞቹን ቢሮ ብትጠይቁ ቦታውን ያሳዩአችኋል። ፎቶ ለመነሳት መስቀሉ ላይ አትደገፉ።

ፖይንት ዱ ሆክ 15 ደቂቃ ያህል መንዳት ነው። 225 ሬንጀሮች፣ የአሜሪካ ልዩ ኮማንዶዎች፣ 30 ሜትር ገደል በገመድ ወጥተው ሲደርሱ ይፈልጓቸው የነበሩት መድፎች ቦታቸው ላይ የሉም። ኋላ ላይ ገባ ብሎ የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ተደብቀው አገኟቸውና አበላሿቸው። ከሁለት ቀን በኋላ መሣሪያ መያዝ የሚችል የቀረው 90 ያህል ነው። የቦምቡ ጉድጓድ እስካሁን እንዳለ ነው፣ ልጆች እየተንከባለሉ ይጫወቱበታል። ገደሉ ስለሚናድ ከአጥሩ አትውጡ። ሲመሽ በላ ካምብ እለፉ። ከ21,000 በላይ ጀርመኖች የተቀበሩበት፣ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ ነው። ዩታና ሴንት ሜር ኤግሊዝ ቀኑ ካልበቃ ይቅሩ።

ሁለተኛው ቀን ባዬና አሮማንሽ። ጠዋት የእንግሊዞቹን መቃብር። የአሜሪካኖቹ መስቀል ላይ ዕድሜ አይጻፍም፤ እንግሊዞቹ ጋ ግን ዕድሜም፣ ቤተሰቡ የላከው አንድ ሁለት መስመርም አለ። አንድ ጊዜ የጓደኛዬን እናት ይዘን ሄደን ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው በየድንጋዩ ይቆማሉ። ‹‹ይሄስ ስንት ነው?›› ይሉኛል። ‹‹ሃያ አንድ፣ እማማ።›› ‹‹ይሄኛውስ?›› ‹‹አሥራ ዘጠኝ።›› ረድፉን ሳይጨርሱ አልተንቀሳቀሱም። አሮማንሽ ዘግይተን ደረስን፣ ባሕሩም ግማሽ ሞልቶ ጠበቀን። አልቆጨኝም።

ከመንገዱ ማዶ መቃብር ላልተገኘላቸው የቆመ ሐውልት አለ። የላቲኑ ጽሑፍ ‹እኛ በዊልያም የተሸነፍነው፣ የአሸናፊውን አገር ነጻ አወጣን› ይላል። ዊልያም በ1066 ከዚሁ ከኖርማንዲ ተሻግሮ እንግሊዝን የያዘው ነው። እንግሊዞች ቂም አይረሱም።

አሮማንሽ ላይ በእግር እስከ ኮንክሪቱ መድረስ ይቻላል። እያንዳንዱ የፎቅ ቤት ያህል ነው፣ ሥሩ በባሕር ሣርና በዛጎል ተሸፍኗል። እንግሊዝ ተሠርቶ በባሕር ተጎትቶ የመጣ ወደብ ነው። ሁለት ነበሩ፤ የኦማሃውን ጁን 19 የተነሳው ማዕበል ሰባበረው። አትውጡበት፣ የዛገ ብረት አለው። መንገዳችሁን ወደ ሎንግ ሱር ሜር ካደረጋችሁ አራቱ የጀርመን መድፎች ምሽጋቸው ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ወደ መርከቡ እያዘገሙ ነው። ቬር ሱር ሜር ላይ 22,442 ስም የተቀረጸበት የእንግሊዝ መታሰቢያ አለ። ኩርሰል ላይ የካናዳዎቹ ማእከል። ከዚያ ፔጋሰስ ድልድይ፦ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ በሞተር አልባ የእንጨት አውሮፕላን የመጡት ወታደሮች የያዙት። አሁን መኪና የሚያልፍበት አዲሱ ነው፤ የያኔው ድልድይ እዚያው ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከዚህ ወደቡ ቅርብ ነው፣ ሰዓት እስኪደርስ ቁጭ ይባላል።

በየትም ቦታ መሬት አትቆፍሩ፣ የብረት መፈለጊያም ይዛችሁ አትውጡ። ሕጉ ይከለክላል፣ ያልፈነዳም ገና ይገኛል።

ሲመለሱ

ከአፕሪል 2025 ወዲህ እንግሊዝም ከአውሮፓ ሥጋና አይብ ለራስ እንኳን ማስገባት ከልክላለች። ሕጉን ቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ካልተነሳ ካማንቤሩን ፈረንሳይ ጨርሱት። ወደቡ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ተገኙ።

ተሳፍራችሁ ካፌው ውስጥ ወንበር አትሻሙ። ኋላ ወዳለው ክፍት ፎቅ ውጡና መርከቡ ሲነሳ ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ምድሩ ዞራችሁ ቁሙ። በስተቀኝ በኩል የሚታየው ሶርድ ነው። ከፈረንሳይ ወገን የወረዱት 177 ኮማንዶዎች የገቡት እዚያ ነው። ቤቶቹ እያነሱ እያነሱ፣ በመጨረሻ አንድ ግራጫ መስመር ይሆናሉ። ጃኬት ልበሱ፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው።